ምንም ያልበላው ብልቃጥ

ሰበታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁማና፣ ኢስታንቡል

ከሰላምታ በፊት ወሬ ማረም ልማዴ አይደለም። ዛሬ ግን ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ስለማይቀር ከእሱ እጀምራለሁ። ሰይዳ የጎረቤቶቿን ምራቅ በብልቃጥ እየሰበሰበች ወገቧ ላይ ታስራለች ይባላል። ሐሰት ነው። የሰበሰብኩት የራሴን ብቻ ነው፤ እሱም ምራቅ ሳይሆን ከጥርሴ ላይ በመፋቂያ የጠረግኩት ነው። ወገቤ ላይ ማሰሬ ግን እውነት ነው። ምክንያቱን ከታች ታነቢያለሽ።

አሁን ሰላምታው ይድረስሽ። አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽስ፣ ትምህርትሽስ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አላህ የሄድሽበትን አሳክቶ ለአገርሽ ያብቃሽ። አያትሽና እኔ የወንድማማቾች ልጆች ነበርን፤ እሷ በሕይወት ብትኖር ይህን ምርቃት ከእኔ አሳምራ ትመርቅሽ ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከአንቺ ነው። ባለፈው ደብዳቤሽ በሰው አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በየትኛው ምግብ ቶሎ እንደሚራቡ እየለካሽ መሆኑን ጻፍሽልኝ። በስኳር ይፈጥናሉ፣ በማርና በተምርም አይሰንፉም አልሽ። ይህን ቡራዩ ሄጄ ለሰላሃዲን አነበብኩለት። የወንድሜ ልጅ ለረመዳን ተምር በጭነት መኪና እንደሚያስመጣ ታውቂያለሽ።

"አክስቴ፣ ልጅቷ ቱርክ ድረስ የሄደችው ተምር ለማማት ነው?" አለኝ።

"አልታማም፤ ተለካ" አልኩት።

"አንቱ አይተውታል?"

አላየሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ስሠራ ያላየሁትን ውጤት ፈርሜ አላውቅም። ስለዚህ ለማየት ወሰንኩ።

ስድስት የመድኃኒት ብልቃጦች ቀቅዬ አደረቅኩ። በሁሉም ውስጥ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ጨው ነካ ያደረገው ውሃ ጨመርኩ። በአምስቱ ላይ የተጣራ ቀጭን የሥጋ መረቅ ጠብ አደረግኩ። ከእነዚህ አንዱን ስኳር፣ አንዱን ማር፣ አንዱን የተምር ውሃ፣ አንዱን ደግሞ ከጫንጮ ገብስ የተሠራ በሶ ዘፍዝፌ ያጣራሁትን ውሃ መገብኩት። አምስተኛው መረቅ ብቻ ነው። ስድስተኛው ምንም አልበላም። ከጥርሴ የጠረግኩትን በጥብጬ ለስድስቱም እኩል አካፈልኩ።

እነዚህ ነገሮች የለመዱት የሰው ገላ ሙቀት ነው። አንቺ ጋ ሙቀት የሚጠብቅ ማሽን አለ፤ እዚህ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልዬ በመቀነቴ ታጠቅኋቸው። ትኩሳት ካልያዘው በስተቀር ከሰው ገላ የበለጠ ሙቀት የሚጠብቅ ዕቃ የለም። የላቦራቶሪ ሥራ ያስተማረችን ስዊድናዊት መብራት በጠፋ ቁጥር እንዲህ ታደርግ ነበር። ግቢዬ ውስጥ የተከራየችው ልብስ ሰፊ፣ ሬሐና፣ ስታጠቅ አየችኝ። ሰኞ ለአንዲት ደንበኛዋ ነገረች፤ በሳምንቱ መጨረሻ ቡራዩ ደረሰ፤ ሱሉልታ ሲደርስ ምራቅ በገንዘብ የምገዛ ሆኛለሁ።

አነባበቤ ይህ ነው። ሰላሃዲን ለደንበኞቹ የሚያድለው የግድግዳ ካላንደር ላይ የሶላት ሰዓቶች በደቃቅ ቁጥር ታትመዋል። አንዱን ገጽ ቆርጬ ከብልቃጡ ኋላ አቆማለሁ። ቁጥሩ በብልቃጡ ውስጥ አልፎ ጥርት ብሎ ከተነበበ ምንም አልተራባም። ከደበዘዘ ተራብቷል። ከጠፋ እጅግ ተራብቷል። ሁልጊዜ ቀድሜ የማነበው ምንም ያልበላውን ነው። የሚበላ ነገር ስለሌለው ሊደፈርስ አይገባውም። እሱ ከደፈረሰ ሌሎቹን ማንበብ ድካም ነው፤ አንዳቸውም አይታመኑም።

ስኳሩ በማግስቱ ጠዋት ቁጥሩን አጠፋው። ማሩና ተምሩ ከቀትር በኋላ ተከተሉ። በሶው ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። መረቁ ጥቂት ደበዘዘ። ምንም ያልበላው እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ዋለ። ልክ ነሽ። ፈርሜያለሁ።

ሰላሃዲን ግን ተምሩን ትቶ ወሬውን ያዘ። ቤቴን ዘግቼ ቡራዩ እሱ ዘንድ እንድገባ መወትወት ከጀመረ ቆይቷል። "ብቻዎን ሲኖሩ እኮ ነው እዚህ የደረሱት" ይላል። ይህን ቤት በደመወዜ ያሠራሁት ነው፤ እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው ብዬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ነጋዴዋ ራያ ስትመለስ ቀጭን የመስታወት ብልቃጦች ላኪልኝ። የመድኃኒቱ መስታወት ወፍራም ነው። ብር እንዳትልኪ።

ሰይዳ


ኢስታንቡል፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ ሰይዳ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ራያ ለልብስ ንግዷ እዚህ እንደደረሰች ሻንጣዋን ሳታራግፍ ነው ያስረከበችኝ። "ፖስታው ተጨማዶ ቢሰሙ አክስትሽ አይለቁኝም" አለችኝ። ጤናዎን በመስማቴ አላህ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ አጥንት ይገባል።

ስለ መቀነቱ ሳነብ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። የእኛ ማሽን ሙቀቱን እንዲጠብቅ በየጊዜው ባለሙያ ይጠራለታል። እርስዎ ሻይዎን እየጠጡ ይጠብቁታል።

አነባበቡ ግን ከእርስዎ ካላንደር ብዙ አይለይም። በአንድ በኩል ብርሃን ይለቃል፤ በሌላ በኩል በብልቃጡ ያለፈውን ብርሃን በትንሽ ሌንስ ሰብስቦ ይለካል። ሲደፈርስ የሚያልፈው ያንሳል። እኔ ተኝቼ እሱ ሲያነብ ያድራል። የእኔም ቅደም ተከተል የእርስዎ ነው። ስኳር ያገኙት ቶሎ ይነሱና ቶሎ ይቆማሉ፤ የራሳቸው አሲድ ያፍናቸዋል። ከአገር ይዤው በመጣሁት ጥቂት በሶ ውሃ ግን ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ብዙም ሳይርቁ ይቀራሉ። በሶውን ወደ ጥናቴ ማስገባት ስለፈለግኩ ከጫንጮው ገብስ በሶ ትንሽ ይላኩልኝ።

ደግሞ ይድገሙት። ልጅ ሳለሁ "ወሬ አንዴ ይበቃዋል፤ ልኬት ሦስቴ ነው" ይሉኝ ነበር፤ የረሱት እንዳይመስልዎ።

ሰላሃዲን በስልክ ድምፅ ልኮልኝ ነበር። "ጁሚ፣ የምትጻጻፉት አንቺ ነሽ። ጭንቅላታቸው ደህና ነው ትያለሽ?" ይላል። "መስመር ሳይኖረው መስመር የሚጠብቅ ጽሑፍ ነው የሚልኩልኝ፤ አንተ ራስህ እንዲህ መጻፍ ትችላለህ?" አልኩት።

ብልቃጦቹን በራያ ልኬያለሁ። ሬሐናን አይቆጧት።

ልጅዎ ጁማና


ሰበታ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁማና

አሰላሙ ዓለይኩም። ከብርድም ከሰው ዓይንም አላህ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ብልቃጦቹ አንዳቸውም ሳይሰነጠቁ ደርሰዋል። በሶውን ፖስታ ቤት በማያውቀው መንገድ፣ ማለት በራያ ሻንጣ፣ ልኬያለሁ። ስኳርም ጨውም አልነካውም፤ የላክሁት ለመጠጥ ሳይሆን ለሥራ ነው።

ሬሐናን አልተቆጣኋትም። አስጠራኋትና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አሳየኋት።

"ታዲያ አዴ ሰይዳ፣ ይሄ ሁሉ ለጥርስ ነው?" አለችኝ። የሰበታ ልጅ ስለሆነች እንደ አገሯ አዴ ነው የምትለኝ።

"ለጥርስ ነው።"

"እኔ ደግሞ ባል ሊያሲዙልኝ መስሎኝ ነበር" ብላ ሳቀች።

ሁለተኛው ልኬት ይህ ነው። ስኳሩ ጠፋ። ማሩና ተምሩ ከእሱ ብዙም ሳይዘገዩ ጠፉ። በሶውም ጠፋ። መረቁም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ምንም ያልበላው ጥርት ብሏል፤ ያነበብኩት ግን መስኮቱ ሥር ወስጄ ነው፤ ጓዳው ጨለማ ነው። በሶው ባለፈው ጊዜ ደብዝዞ ብቻ ቀርቶ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ያየሁትን ጻፍኩ።

አሁን የቆረጥኩት የካላንደር ገጽ ኅትመቱ ጥሩ አይደለም። ለሰላሃዲን ነግሬዋለሁ፤ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው ብሎ ተከራከረኝ። የአንቺም ሰማያዊ ቀለም ውሃ የበዛበት ነው፤ ከእንግዲህ በጥቁር ጻፊ። የምትልኪው ነገር ካለ ጠንካራ የጠረጴዛ መብራት ይሁን። ሌላ አልፈልግም።

ሰላሃዲን ባለፈው እሑድ ሳይነግረኝ መጣ። በሩን ከፍቼ "ማን ልበል?" ስለው "እኔን ነው አክስቴ?" አለኝ። ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች፤ ፊቱ በጥላ ነው። ሻይ ስቀዳለት ከሲኒው ውጭ ፈሰሰ። ሲኒውን ሳያረጋጋ ስለዘረጋ ነው። ጠረጴዛውን አይቶ እኔን አየ። ሲወጣ የግቢውን አጥር በእርምጃ ሲለካ ሰማሁት።

ሰይዳ


ኢስታንቡል፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ ሰይዳ

ወዓለይኩሙ ሰላም። ረመዳን ደጃችን ላይ ነው፤ አላህ በጤና አስጹሞ ለዒድ ያድርሰን።

እንዳዘዙኝ በጥቁር ጻፍኩ፤ ፊደሉንም አተለቅኩት። መብራቱን ራያ ይዛለች። አንገቱ ስለሚታጠፍ ወደፈለጉበት ማዞር ይችላሉ።

የበሶው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የላኩልኝን እዚህ ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሦስቱንም ጊዜ ቀስ ብሎ ተነስቶ መንገድ ላይ ቀረ። የእርስዎ ለምን ጠፋ? መጀመሪያ ከጥርስዎ የጠረጉት በዝቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን እርስዎ አካፍለው የማይበልጥ የማያንስ ያደርጉታል። ቀጥዬ አዲሱን መስታወት ጠረጠርኩ፤ እኔም ግን በዚያው ነው የምሠራው። በሰኔ ጥናቴን ለመምህሮቼ አቀርባለሁ። የበሶውን ውጤት ማስገባት አለማስገባቴ በዚህ ነው የሚወሰነው፤ ሁለት ሰው ለክቶ ሁለት ነገር ካገኘ ማስገባት አልችልም።

ሦስተኛውን ሲለኩ ምንም ያልበላውን ቀድመው ይንገሩኝ።

ሰላሃዲን ሌላ መልእክት ላከ። "ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ አላወቁኝም" ይላል። ፀሐይ ነበረች አሉ ብዬ መለስኩለት። ነበረች አይደል?

ልጅዎ ጁማና


ሰበታ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁማና

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒድ ሙባረክ። ጾሙን ጨርሻለሁ፤ አላህ ከሁላችንም ይቀበል። ፀሐይዋ ነበረች።

ሦስተኛውን ልኬት በጾሙ ወር ጀምሬ አቆምኩት፤ የጾመ ገላ ሙቀቱ ይለዋወጣል ብዬ። ከዒድ በኋላ እንደገና ጀመርኩ። ምንም ያልበላውን ቀድመው ይንገሩኝ ስላልሽ እነግርሻለሁ። ቁጥሩ ጠፋ።

ውሃውን ጠርጥሬ ሁለት ጊዜ አፍልቼ ደገምኩ። ጠፋ። የብልቃጡን ክዳን ጠርጥሬ ሁሉንም ቀቅዬ ደገምኩ። ጠፋ። ከጥርሴ ምንም ሳልጨምርበት ውሃውን ብቻ ሞላሁ። እሱም ጠፋ። ሌሎቹን አልጽፍልሽም፤ ምክንያቱን ራሴ አስተምሬሻለሁ።

የላክሽው መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል። ርካሽ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። ሬሐና ቀለበት የለውም ትላለች። እሷ ወጣት ናት፤ ነገር አታጣራም።

ውጤቱን ማሳመር እችል ነበር። ጥርት ብሏል ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅም። ግን ያላየሁትን አልፈርምም፤ ያየሁትንም አልደብቅም። ያየሁት ይህ ነው።

ሰላሃዲን ለዒድ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ጓደኛዬ ነው አለኝ። ጓደኛው ሻዩን ሳይጠጣ ጣሪያውንና የውሃ ቧንቧውን ሲመረምር ዋለ። "ከዓረፋ በኋላ ቡራዩ ይገባሉ፣ ቤቱ ይከራያል፤ ኪራዩ ለአንቱ ነው" አለኝ ሰላሃዲን ሲሄዱ። "ምን አጠፋሁ?" አልኩት። "ምንም። አንድ ቀን ሳንሰማ እንዳይወድቁ ነው። አንድ ምልክት ካየሁ ግን ዓረፋንም አልጠብቅም።"

ይህን ደብዳቤ ለእሱ እንዳታነቢለት።

ከመጣ ሰው ጋር በትልልቅ ፊደል የታተመ ቁርኣን ላኪልኝ። የእኔው ገጹ ወይቧል።

ሰይዳ


ኢስታንቡል፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወ/ሮ ሰይዳ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ቤትዎንም ያኑርልዎ።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ደግሜ ጽፌም ቀድጄዋለሁ። ለመዘግየቴ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ማሽናችን ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ባዶውን ውሃ እንደ ደፈረሰ አድርጎ አነበበ። ውሃውን ወቀስኩ። ጨውን ወቀስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋን ሁሉ ጠረጠርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብልቃጥ ሳጥብ ከረምኩ። ከዚያ ባለሙያው መጣ። ብልቃጦቼን ዞር ብሎም አላያቸውም። ማሽኑን ከፍቶ ብርሃኑን የሚቀበለውን ሌንስ አሳየኝ። ጭጋግ የመሰለ ነገር ለብሷል። ውሃው መጀመሪያውንም ጥርት ያለ ነበር።

አክስቴ፣ ከዚህ በላይ ማብራራት ለእርስዎ ስድብ ይሆናል። ግን ዝም ማለትም አልቻልኩም። በትንሹ ልለምንዎ፤ ብልቃጡን ለሬሐና ያሳዩዋት። ካላንደሩን እሷ ታንብበው። ቀለበት የለውም ስትልዎም ይመኗት።

እዚህ የጠየቅኳት ሐኪም እንደዚህ ያለው የዓይን ጭጋግ አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል አለችኝ። የእርስዎ እሱ መሆኑን ግን ያየ ሐኪም ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ከሩቅ ሆኜ የማውቀው ብልቃጡን ብቻ ነው።

ለሰላሃዲን አልነገርኩትም። ደጋግሞ ጠይቆኛል። ለእሱ መናገር ቀላሉ ነበር፤ በማግስቱ ዕቃዎን ይጭን ነበር። ይህ ነገር ከማንም አፍ ሳይሆን ከእርስዎ አፍ መውጣት አለበት ብዬ ተውኩት። ከዓረፋ በፊት ቢሆን ግን ደግ ነው።

ቁርኣኑን ልኬያለሁ። ፊደሉ ትልቅ ነው።

ልጅዎ ጁማና


ሰበታ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁማና

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ያወጣሽው ቃል ሁሉ በመልካም ይመለስልሽ።

ጽሑፉ የእኔ እንዳልሆነ አይተሻል። የምትጽፈው ሬሐና ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መልሳ እንድታነብልኝ አድርጌያለሁ፤ አንድ ቃል የጨመረች እንደሆነ ከገጹ መጀመሪያ አስጀምራታለሁ። (ሬሐና ነኝ። ሦስት ገጽ አስቀድደውኛል። ይሄን ስጨምር እያዩኝ ነው፤ ማለት እየሰሙኝ ነው።) ይህ ይቆይ ብያታለሁ።

ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት። ጠዋት ጀምሬ ሲመሽ ጨረስኩ። ከዚያ ተቆጣሁ፤ ሚያዝያን በቁጣ ጨረስኩ፤ ግንቦትን አጋመስኩት። ማሽን ከእኔ ጋር ማወዳደርሽ ድፍረት መሰለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚወጡት ተማሪዎች በአጥሬ ሥር ሲያልፉ ሰማኋቸው። በዱላቸው ቦዩን እየነኩ፣ እየተሳሳቁ ነበር። አንዱ ለሌላው "ግራህን ያዝ፣ የሴትየዋ ድንጋይ አለ" አለው። ድንጋዩን እኔ አላየሁትም ነበር። ከግቢዬ በር ፊት ለፊት ነው፤ ለካ ሁልጊዜ የሚያደናቅፈኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ሬሐናን ጠራኋት። ስድስቱንም ብልቃጦች በአዲስ አዘጋጅቼ ነበር። እንዳታዳላልኝ የትኛው ምን እንደበላ አልነገርኳትም፤ ቦታቸውንም ቀያየርኩት።

አንዱን አንስታ ከካላንደሩ ፊት ያዘችው። "አዴ ሰይዳ፣ ይሄ ውሃ ነው እኮ።"

"ምን ይነበባል?"

"መግሪብ አሥራ ሁለት ከአርባ ሦስት። ቁልጭ ብሎ።"

"ሌላውን።"

"ይሄ ደፍርሷል፤ ምንም አይታይም። ይሄኛው ትንሽ ጭጋግ አለው፤ ቁጥሩ ግን አለ።"

ጭጋግ ያለው በሶው ነበር። ሁሉንም ሳታውቅ በኅዳር ወር እኔ ባነበብኩት ቅደም ተከተል አነበበችው። ከዚያ ካላንደሩን ያለ ብልቃጥ እንድትይዝልኝ አደረግኩ። ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ሆኑ። ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ወረቀቱ ነጭ ነበር።

"ባዶ ገጽ ነው የያዝሽው?" አልኳት።

"አይደለም አዴ" አለችኝ። ያን ቀን አልቀለደችም።

ስለዚህ እርማቴን መዝግቢ። የጥርን ውጤት ሰርዢው። የመጋቢቱንም ሰርዢው። ካላንደሩ፣ ቀለምሽ፣ መብራትሽና የሰላሃዲን ሲኒ ጥፋት የለባቸውም። የኅዳሩ እንዳለ ይቆያል፤ በሶው ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። የግንቦቱን ያነበበችው ሬሐና ናት፤ ውጤቱን እኔም ፈርሜበታለሁ፣ እሷም ፈርማለች። የአንቺ ልኬት ትክክል ነው፤ በሶውን አስገቢው።

ሬሐና አዲስ አበባ ወደ አንድ የዓይን ሐኪም ወሰደችኝ። የዓይን ሞራ ነው። የግራው በስሏል፤ የቀኙ ይከተላል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ "እማማ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ቻሉት?" አለኝ። "ምክንያት እየፈለግኩ" አልኩት።

በዓረፋ ማግስት ቡራዩ ሄጄ ለሰላሃዲን ራሴ ነገርኩት። ሱቁ ውስጥ ነበርን።

"አላልኩም?" አለ።

"አላልክም። አንተ ያልከው ምራቅ ትሰበስባለች ነው።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "አክስቴ፣ አሁንስ ይምጡ። እንግዲህ ማየት የማይችል ሰው ብቻውን እንዴት ይኖራል?" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት እንጂ ስስት አልሰማሁም። ዓይኔ ሲደክም ጆሮዬ ስለጠራ ይሆናል፤ ወይም ቀድሞም እንዲሁ ነበር፣ እኔ አላነበብኩትም።

"ሐኪሙ ይሥራኝ" አልኩት። "ፋሻው ተነስቶ ሐኪሙ በቃዎት ያለኝ ዕለት ካላንደርህን ይዘህ ሰበታ ትመጣለህ። ውሃ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ አሳልፌ አነብልሃለሁ። ካነበብኩ ዳግመኛ ስለ ቤቴ አታነሳም። ካላነበብኩ ቁልፉን በእጄ አመጣልሃለሁ።"

"ገጹን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ" አለኝ። "በቃልዎ እንዳይወጡት።"

እጅ ተመታታን። ይህን ያህል ብልህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቀጠሮዬ ነገ ነው። ስለዚህ ዛሬ አላረዝምብሽም። ጥናትሽን ስታቀርቢ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ምንም ያልበላውን ቀድመሽ አሳዪያቸው።

ነገ መጀመሪያ ፈጅርን እሰግዳለሁ። ቀጥሎ የደፈረሱትን አምስቱን ደፍቼ በፈላ ውሃ አጥባለሁ። ምንም ያልበላውን አጥቤ በአዲስ ውሃ ሞልቼ መስኮቱ ላይ አቆመዋለሁ፤ ስመለስ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። ሬሐና ከግቢው በር ላይ ያን ድንጋይ ታነሳለች። ከዚያ አብረን ወደ ሚኒባሱ እንወጣለን። በሩን እኔ እቆልፋለሁ፤ የቁልፉን ቀዳዳ በእጄ አውቀዋለሁ።

ሰይዳ